የእትዬ ሚዛን ቀይ ከረጢት

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም፤ እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ እሱንም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ እያፈርኩ። ብዙ ከጻፍኩ እጄም ሐሳቤም ይደክማል። የመዝገብ ቤቷ ልጅ በሆስፒታላችን በር ላይ በምትለጥፈው የሠራተኞች ወረቀት "ባልደረባችንን እንወቅ" የሚል ቦታ አለ። እስካሁን የወጡት ዶክተሮችና ነርሶች ናቸው፤ አንዴ ደግሞ የአምቡላንሱ ሾፌር ወጥቷል። ከልብስ ማጠቢያ ቤት ማንም ወጥቶ አያውቅም። "አንቺ ጻፊልኝ" ስትለኝ ሳቅኩባት። ከዚያ ያ ሐሙስ መጣና ሳቄ ቆመ። ፊደሌን እንድታቃናልኝ ነግሬያታለሁ፤ ነገሬን ግን እንዳታለዝብብኝ ብያታለሁ። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ደስ የማይል ቃል ካገኛችሁ ከንዴቱ ነው፤ እለፉኝ።

የምጽፈው ስለ እትዬ ሚዛን ነው።

ማጠቢያ ቤታችን ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ነው። ብዙዎቻችሁ በሩን አታውቁትም። ሦስት ክፍል አለው፤ ቆሻሻው የሚገባበት፣ የሚታጠብበትና የሚተኮስበት። ቆሻሻው በሚገባበት ክፍል መሀል ላይ በቆርቆሮ የተሸፈነ ረጅም ጠረጴዛ አለ። መለያው እንለዋለን። ከየክፍሉ በጋሪ የሚመጣው ከረጢት ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይቀርባል። ይመዘናል፣ ይለያል፣ የትኛው ማሽን ውስጥ በስንት ሙቀት እንደሚገባ ይወሰናል። እዚያ ላይ ከተሳሳታችሁ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስህተት ነው። እትዬ ሚዛን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች። ቆርቆሮው እሷ በምትቆምበት በኩል ነጥቷል፤ ሆዷ እየተጠጋው።

ሚዛን የወጣላት ስም ነው። ከረጢቱን በአንድ እጇ ብድግ ታደርግና "ዘጠኝ ኪሎ ከሩብ" ትላለች። ሚዛን ላይ ሲወጣ ዘጠኝ ኪሎ ከሩብ ነው። አንድ ቀን እሷ አሥር ስትል ሚዛኑ አሥር ተኩል አለ። ሁላችንም ተያየን። እሷ ቀና እንኳን ሳትል "ሚዛኑን አሠሩት" አለች። በሳምንቱ ጠጋኙ መጥቶ ሲያየው እውነትም ሚዛኑ ተበላሽቶ ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ይኸው ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣ ከረጢት አንስታ "ጨርቅ ብቻ አይደለም" ብላ ከውስጡ መቀስ ያስወጣችበትን ቀን እኔ ራሴ አይቻለሁ። ማሽኑ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ከበሮውን ይሰነጥቀው ነበር። ማንም አላመሰገናትም። መቀሱን ረስቶ የላከው ሰው ብቻ መጥቶ ተቀበላት፤ እሱም እየሮጠ።

እትዬ ሚዛን የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ታነባለች፤ ግን ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። እኔ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስቀጠር ይህንንም አልችልም ነበር። በመጀመሪያው ቀን የመድኃኒት ጀሪካን ይዤ ስቅበዘበዝ አየችኝ።

"ምን ሆነሽ ነው እህቴ?"

"ምንም።"

"ማንበብ አትችዪም?"

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጥኩ። ፊቴ ነደደ።

"እኔም እየታገልኩት ነው" አለች። "ክዳኑን እዪ። ነጩ ክዳን ሳሙና ነው፣ ጥቁሩ በረኪና፣ ቡናማው እንዳትነኪው፣ እኔን ጥሪኝ። በቃ፣ አነበብሽ።"

ለሰው እንደዚህ ነች። የሰውን ጉድለት አይታ ሌላ ሰው ሳይሰማ የምትደፍን።

አሁን ስለ ቀለሙ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔ ስቀጠር ከረጢቱ ሁሉ ነጭ ነበር። የተበከለ ይሁን፣ የቀዶ ሕክምና ይሁን፣ የሕፃናት ይሁን፣ በእስክሪብቶ ይጻፍበታል። ጽሑፉ በእርጥበት ይጠፋል። ባይጠፋስ ማን ያነበዋል? ሳቂታ የምንላት አንዲት ባልደረባ ነበረችን። አንድ ጠዋት የተበከለውን ከረጢት እንደሌላው መስሏት ፈትታ ለመቁጠር እጇን ስትከት መርፌ ወጋት። ስድስት ወር እየተመላለሰች ደሟን አስመረመረች። ምንም አልተገኘባትም፤ ግን በዚያ ስድስት ወር ሳቂታ አንድ ቀን አልሳቀችም። ከዚያም ሥራውን ትታ ሄደች።

እትዬ ሚዛን በምሳ ሰዓቷ የአስተዳዳሪው ቢሮ በር ላይ ሄዳ ቆመች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን አስተዳዳሪው ወጣ።

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ቀለም።"

"የምን ቀለም?"

"ማንበብ ለማይችል ሰው የሚሆን።"

ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ቁራጭ ጨርቅ አሰጣት። እሷም በልብስ ጥገናው የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ራሷ ከረጢት አድርጋ ሰፋችው። ቀይ ደም ለነካውና ለተበከለው፣ ሰማያዊ ለተኝቶ ታካሚዎች አንሶላ፣ ቢጫ ለሕፃናት፣ አረንጓዴ ለቀዶ ሕክምና። በኋላ ሆስፒታሉ የተዘጋጀ ከረጢት ማስመጣት ጀመረ። ዛሬ ዶክተሩም ነርሱም ቀይ ሲያይ እጁን ይሰበስባል። ያ የማን ሐሳብ እንደነበር የጠየቀ የለም። አሁን እወቁት።

ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ።

ሁለት አዳዲስ ማሽኖች መጡልን። ሲመጡ ደስ ብሎን ነበር። ከዚያ አለቃችን ሰበሰበን። አለቃችንን ቁልፍ ነው የምንለው፤ ቀበቶው ላይ የማይንጠለጠል ቁልፍ የለም። "ማሽኖቹ ሥራ ያቀላሉ" አለ። "ከአሥራ ሰባታችሁ ዘጠኛችሁ እዚሁ ትቀራላችሁ። ስምንታችሁ ወደ ግቢ ጽዳት ትዛወራላችሁ። ማን ይቀራል የሚለውን እኔ አልወስንም። ሥልጠና አለ፣ ፈተና አለ፣ በውጤት ነው።" በውጤት ሲል እጁን እንደታጠበ ሰው አራገፈ።

እትዬ ሚዛን ጉልበቷን ያማታል። በግቢው ቁልቁለትና ደረጃ ላይ መጥረጊያ ይዞ መዋል ለእሷ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ጉልበቱ ብቻ አልነበረም። ያ ጠረጴዛ የእሷ ነው። ሆኖም አልፈራችም። እኛም አልፈራንላትም። ስለ ልብስ ማጠብ ተጠይቃ ማን ይበልጣታል?

ሥልጠናው በስብሰባ አዳራሹ ነበር። አሰልጣኙ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህንን ለእውነት ብዬ ነው የምናገረው። ሁለት ቀን ሙሉ አስረዳን። ሲጠይቅ የምትመልሰው እትዬ ሚዛን ነበረች። አንዴ እንዲያውም ስለ ሙቀቱ ሲሳሳት አረመችው፤ ወረቀቱን አገላብጦ "ልክ ነዎት እናቴ" አላት።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ "ዛሬ ፈተናውን በጨዋታ ነው የምናደርገው፣ አትጨነቁ" አለ። ሁላችንም ስልክ ይዘን እንድንመጣ ተነግሮን ነበር። የእትዬ ሚዛን ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ የመጨረሻ ልጇን ስልክ ተውሳ መጥታለች፤ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ። ልጇ "እማዬ፣ ስልኬን እንዳትጥዪው" ብላ በመሐረብ ጠቅልላ ኪስዋ ውስጥ ከትታላታለች።

ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ። ጥያቄውና አራቱ መልሶች ግድግዳው ላይ በትልቁ ይወጣሉ። ስልካችሁ ላይ ግን ጽሑፍ የለም። አራት ቀለም ብቻ ነው ያለው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ግድግዳው ላይ አንብባችሁ፣ የመረጣችሁት መልስ በየትኛው ቀለም እንደተጻፈ አይታችሁ፣ ስልኩ ላይ ያንን ቀለም ትነካላችሁ። ሃያ ሴኮንድ ይሰጣችኋል። ቀድሞ የነካ የበለጠ ነጥብ ያገኛል። ሙዚቃም አለው፣ እየቆየ የሚፈጥን፣ ልብ የሚያርድ። ከየጥያቄው በኋላ የሁላችሁም ስም በነጥባችሁ ተራ ግድግዳው ላይ ይደረደራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ወጣ። ደም የነካው አንሶላ መታጠብ ሲጀምር የመጀመሪያው ውሃ ምን ዓይነት ነው? አሰልጣኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን። መልሶቹን ግን አላነበበም፤ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። እትዬ ሚዛን ከጎኔ ነበረች። "ቀዝቃዛ ነዋ" አለች ጮክ ብላ፣ ከሁላችንም ቀድማ። በሙቅ ከተጀመረ ደሙ ጨርቁ ላይ ይረጋል፣ ዕድሜ ልክ አይለቅም፤ ይህን ለእኔ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አፏ ቀዝቃዛ እያለ ጣቷ ሄዶ ቀዩን ነካ።

ደም ቀይ ነው። ደም የነካው ወደ ቀዩ ነው። ከረጢቱን ከሰፋች ጀምሮ እንዲህ ነው። እጇ ሌላ አያውቅም።

ቀዩ ላይ የተጻፈው የፈላ ውሃ የሚል ነበር። ስልኩ ተሳስተዋል አላት።

ሁለተኛው ጥያቄ የተበከለ ከረጢት ሲመጣ ምን ይደረጋል የሚል ነው። ትክክለኛው ሳይፈታ ወደ ማሽኑ ይገባል የሚለው ነው። አሁንም ቀዩን ነካች። ቀዩ ላይ የነበረው፣ ተፈትቶ ይቆጠራል። ሳቂታ የተወጋችበት ነገር። ይህች ሴት ማንም እንደገና እንዳይፈታው ብላ ያንን ቀለም የሰፋች ናት፤ በዚያው ቀለም ይኸው ጣሏት። እሷ ብቻም አይደለችም፤ ከእኛ መሀል ከቆዩት ብዙዎቹ በዚያ ጥያቄ ቀዩን ነክተዋል። በየትኛውም ሌላ ቤት ሰው እንዲህ አይሳሳትም። እኛ ግን በቀለም ነው የምንኖረው።

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነቃች። "ቀለሙን ተዪው፣ ጽሑፉን አንብቢ" አለች ለራሷ፣ በሹክሹክታ። ጣቷን ወደ ግድግዳው ዘርግታ፣ በአየር ላይ ከቃሉ ሥር እያስኬደች ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው መልስ ላይ ሳትደርስ ሙዚቃው አለቀ። አራተኛውም እንደዚያው። አምስተኛውም። ስሞቹ በተደረደሩ ቁጥር "ሚዛን" የሚለው ከሥር ነበር፤ አሥራ ሰባተኛ።

ከኋላ የተቀመጠው የማድረቂያው ሠራተኛ "ሚዛኑ ተበላሸ፣ አሠሩት" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ይህንን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ግን ሳቅኩ።

እሷ ከስድስተኛው ጥያቄ በኋላ ስልኩን በመሐረቡ መልሳ ጠቀለለችው።

አንደኛ የወጣችው ትንሿ ናት፤ ከገባች ሦስት ወሯ፣ ፈጣን፣ ጥሩ ልጅ። እኔ አራተኛ ወጣሁ። አዎ፣ እኔ። እንዴት እንደወጣሁ እነግራችኋለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ቁልፍ ዝርዝሩን እዚያው ጻፈና ፈረመበት። እትዬ ሚዛን ግቢ ጽዳት። እኔ መለያው ጠረጴዛ ላይ፤ በእሷ ቦታ።

እትዬ ሚዛን ተነስታ ወደ አሰልጣኙ ሄደች። አልጮኸችም።

"ልጄ፣ ቀዝቃዛ ስል ሰምተኸኛል?"

"ሰምቻለሁ እናቴ።"

"ትናንትና ከትናንት ወዲያስ የመለስኩልህን?"

"እሱንም አስታውሳለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ የሚቆጥረው ጣትን ነው።"

"እንግዲያው ሲስተሙ ይምጣና ከረጢቱን ያንሳ።"

አሰልጣኙ ወደ ጫማው አየ። "ጨዋታ ነው እኮ" አለ።

ጨዋታ ከሆነ ሰው ከቦታው ለምን ያነሳል? ፈተና ከሆነ ደግሞ ሙዚቃው ምንድን ነው? አንዱን ይምረጡ። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ በትምህርት ቤቷ ይህንኑ ይጫወታሉ፣ ትወደዋለች። በዚያው ቀን ስነግራት ግራ ገባት። "እኛ ጋ እኮ አስተማሪያችን ነጥቡን አትመዘግበውም" አለችኝ። "ብዙ ሰው ከተሳሳተ ታቆመውና ለምን እንደተሳሳትን ትጠይቀናለች፣ ከዚያ ታስረዳናለች። ሰዓቱንም ለማይፈጥኑት ትጨምርላቸዋለች።" ለምን እንደተሳሳትን! የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የምታውቀውን ጥያቄ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው አልጠየቀም። እትዬ ሚዛንን አንዱ ለምን ቀዩን ነካሽ ቢላት ኖሮ የዚህን ሆስፒታል ታሪክ ትነግረው ነበር።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከአዳራሹ ወጥተን አውቶቡስ መጠበቂያው ድረስ አብረን ሄድን። እሷ ቀስ እያለች፣ እኔ እሷን እየጠበቅኩ።

"አንቺ ግን ጉድ ነሽ" አለችኝ። "አራተኛ! አንብበሽ ነው?"

"አዎ" አልኩ።

"ያን ሁሉ? በዚያ ፍጥነት?"

"አዎ እትዬ።"

ትከሻዬን ያዘችና "ጎበዝ፣ ድካምሽ በከንቱ አልቀረም። ጠረጴዛዬ አንቺ ጋ ከሆነ ግድ የለኝም" አለችኝ።

ዋሽቻት ነው። አንድም ጥያቄ አላነበብኩም። ሙዚቃው ሲጀምር ዓይኔ ተጭበረበረ፣ ፊደሎቹ ዋኙብኝ፤ ከማፍር ብዬ አሥሩንም ጥያቄ ሰማያዊውን ነካሁ። ገና እንደወጣ ነካ፣ እንደወጣ ነካ። ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው ለካ ትክክለኛውን መልስ ሰማያዊ ላይ ማስቀመጥ ይወዳል። ከአሥር ስድስቱ ሰማያዊ ነበሩ። ሳላነብ ቶሎ ስለነካሁ የፍጥነት ነጥብ ተጨመረልኝ። እሷ ለማንበብ ስለሞከረች ዜሮ። እስቲ ይኼ ምን ይባላል? እኔ ቃል የለኝም፤ የተማራችሁት ንገሩኝ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዬ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። በመስኮቱ ሳይ እትዬ ሚዛን ከግቢው ዕቃ ቤት መጥረጊያ ተቀብላ ደረጃውን ከላይ ወደ ታች ይዛዋለች፤ በየእርከኑ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች። እኔ ጓንት አድርጌ ጠረጴዛው ጋ ቆምኩ። ሆዴ ያንን የነጣውን ቦታ ነካው። የመጀመሪያው ጋሪ ገባ፤ ከላዩ ሦስት ቀይ ከረጢት።

አላነሳሁትም። ጓንቱን አወለቅኩና ወደሚታጠብበት ክፍል ሄድኩ። ቁልፍና አሰልጣኙ ከአዲሱ ማሽን ፊት ቆመዋል። እኔ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ግን መሀላቸው ገባሁ።

"አሥሩንም ሰማያዊ ነው የነካሁት" አልኩ። "አንድም አላነበብኩም።"

"ምን?" አለ ቁልፍ።

"ኮምፒውተሩን ይዩት።"

አሰልጣኙ ከፈተው። ስሜን ፈለገ። አሥር ሰማያዊ ተደርድሯል። ከዚያ ወደ ጥያቄዎቹ ተመለሰና በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ጆሮው ቀላ።

"ስድስት" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"አየህ ልጄ" አልኩት፤ ልጄ ማለቴ ራሴን ገረመኝ። "በዚህ ነው እሷን መጥረጊያ ያስያዝካት።"

ቁልፍ ቁልፎቹን በእጁ ያዛቸው፣ እንዳይጮኹ። "ዝርዝሩ ተፈርሟል" አለ። "ይኼ ነገር እዚሁ ይቅር። አንቺ ካልፈለግሽ ግቢ ጽዳት መሄድ ትችያለሽ።"

"እሺ" አልኩት።

እሱ እሺ እንድል አልጠበቀም። በተከፈተው በር ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ትንሿን "እንግዲያው አንቺ ያዢው፣ አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ" አላት። ትንሿ ከጋሪው ጎን ቆማ ነበር። ከረጢቶቹን አየች፣ እኔን አየች።

"አለቃ፣ እኔ መንካት እንጂ መለየት አልችልም" አለች። "እትዬን ጥሯቸው።"

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ወጥቼ ነበር። ደረጃው ሥር እትዬ ሚዛን ጋ ደረስኩና መጥረጊያውን ከእጇ ያዝኩ። አልለቀቀችውም።

"ምን ሆነሽ ነው? ሥራሽን ጥለሽ?"

"አላነበብኩም እትዬ። ዋሸሁሽ። ሰማያዊውን ብቻ ነው ስነካ የነበረው።"

አየችኝ። "አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጀሪካን ክዳን ስትጠይቂኝ ኖረሽ፣ በሃያ ሴኮንድ አራት መልስ ታነቢያለሽ ብዬ ላምን ነው?" ፈገግ አለች፤ ግን ዓይኗ አልሳቀም። "እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። ትናንት ስትስቂም ሰምቼሻለሁ።"

መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ቀይ መጥቷል" አልኳት። "ሦስት ከረጢት። የሚያነሳው የለም።"

መጥረጊያውን ለቀቀችልኝ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደረጃውን ሳይሆን የጋሪውን መንገድ ይዛ፣ እያነከሰች ሄደች። ቁልፍ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "እስከ ሰኞ ብቻ ነው" ሲላት ሰማሁ። በጎኑ አልፋ ገባች።

እኔ ደረጃውን እሷ ካቆመችበት እርከን ቀጠልኩ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ድምፅዋ ይወጣ ነበር።

"ሰባት ተኩል። ጻፊ አንቺ ትንሿ። እንዳትፈቺው፣ እንዳለ ይግባ። ይኼኛው ስምንት... ስምንት ከሩብ።"

እስከ ምሳ ድረስ ጠረግኩ።